ልብስ ሰፊዋና የሽንኩርቱ ገለፈት

ልብስ ሰፊዋ ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ፣ ዕድሜዋን ከስፌት መኪናዋ ጋር ስትሟገት የኖረች ሴት ናት። አርባን ካለፈች በኋላ «ልማር ነው» ብላ ተነሣች። ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የተመደበችበት ክፍል የገዛ ልጇ የምትማርበት ሆነና አረፈው! ልጅቷ ኩምሽሽ አለች።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ እዚያ ልጄ እንዳትዪኝ» ብላ ለመነቻት።

እናት «እሺ» አለች፤ ሆዷ ግን ባባ። ተማሪው ሁሉ «ማዘር» እያለ ሲከባት፣ የወለደቻት ልጅ እንደ ባዳ ታልፋታለች። ያንገበግባል፣ እውነቴን ነው!

አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህሩ የሽንኩርት ገለፈት በማይክሮስኮፕ አሳያቸውና «ያያችሁትን ሴል ሳሉ» አለ። እሷም ጠርዙ የጠቆረ ድቡልቡል ነገር አይታ፣ ደስ ብሏት አሳምራ ሳለችው። ለካስ የአየር አረፋ ኖሯል! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጇ አንገቷን ደፋች።

መምህሩ «አይዞዎት፤ መሸፈኛው መስታወት ዱብ ሲል አየር ይዞ ይቀራል። ቀስ ብሎ ማስተኛት ነው» አላት።

እሷ እልህ ከያዛት አያድርስ ነው። ቤቷ ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ ሰነበተች። ባሏ ዓይኑን እያሸ «ይህች ሴት እኔን ሳታስለቅስ አትመረቅም» ይል ነበር።

በሳምንቱ መምህሩ ሥራውን ደገመው። እሷም ገለፈቱን ስላይድ በሚሉት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግታ እጥፋቱን አቃናች፤ አዮዲን ጠብ አደረገችበት። ከዚያ የስፌት መርፌዋን ከኮሌታዋ ነቅላ፣ መሸፈኛውን መስታወት በአንድ ጎኑ አስደገፈችና በመርፌዋ እየያዘች ቀስ አድርጋ አስተኛችው። አንድ አረፋ የለም!

መምህሩ አጎንብሶ አየ። ሴሎቹ እንደ ጡብ ተደርድረው፣ የየአንዳንዱ ኒውክለስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ኑ፣ እዩ! ሴል ማለት ይህ ነው!» ብሎ ተጣራ።

ወረፋው ሲደርሳት ልጇ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አልነቅል አለች። ከኋላዋ ያለው ልጅ ሰለቸውና «ኧረ ቶሎ በይ! የማን ሥራ ነው እንዲህ ያፈዘዘሽ?» አላት።

«የእናቴ!»

«የማዘር? እናትሽ ናት እንዴ?»

«አዎ፣ የወለደችኝ እናቴ ናት!»

ልብስ ሰፊዋን ኩራት ኩራት አላት፤ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ልጅቷም በሁሉም ፊት እጇን ይዛ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ጎተተቻት።

«እማዬ፣ የእኔ አረፋ በአረፋ ሆኗል። ነይ አሳዪኝ።»