በሦስተኛው ቅጽ ላይ የሮጠው አባቴ

ተዋናዩ ሲደውልልኝ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ማስታወቂያ ቤታችን ባነር እያተምኩ ነበር። አገር ያወቀው ሰው ነው፤ በፊልሞቹ ላይ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ያላየ የለም። ስሙን ሲነግረኝ የሚቀልድብኝ ሰው መሰለኝና «አንተ ወሮበላ፣ ሥራ አታስፈታኝ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። መልሶ ደወለ። «እህቴ፣ ወሮበላ የምሆነው ፊልም ላይ ብቻ ነው» ብሎ ሲስቅ ያ የማውቀው ሳቅ ሆነ። ክው አልኩ።

ሰውዬው የራሱን የአክሽን ኮሚክ መጽሐፍ ጀምሮ ነበር። ታሪኩን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ጀግናዋ ደግሞ በየመንገዱ ዘራፊዎችን የምታሳድድ የከባድ መኪና ሹፌር ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር ያነበብኳቸው፤ ባለሱቋ ጉሮሮዋን እስክትጠርግ ድረስ። ሴት ልጅ በአማርኛ መጽሐፍ ላይ እንደዚያ ስትፋለም አይቼ አላውቅም፤ ገጹን መግለጥ እንኳ ያሳሳኝ ነበር። እና ያንን የፈጠረው ሰው፣ ቴሌግራም ላይ የምለጥፋቸውን ሥዕሎች አይቶ «ሦስተኛውን አንቺ ሳዪው» ይለኛል! ባነሩ ተጣሞ ታተመ፤ ማን ልብ ብሎት።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ጀግናዋ ረጅም የብረት ዘንግ እንደ ጦር ትወረውራለች። ሳልኩና ላክሁ። «ቆንጆ ናት፤ ግን ፎቶ ልትነሳ የቆመች ነው የምትመስለው» አለኝ። እንደገና ሳልኩ፣ እንደገና ያንኑ አለኝ። በሦስተኛው ላይ ድምፁ ቀዘቀዘ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነልሽ ለሌላ ሰዓሊ እሰጠዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።» ቆሽቴ አረረ። ይበልጥ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ የኮረጅኩት ክንድ የማንም ክንድ አልነበረም።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የገሱባ ሰው ነው፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ሶዶ ይኖራል። በወጣትነቱ ለቅሶ ላይ በመሮጥ ይታወቅ ነበር። በእኛ በወላይታዎች ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ወንዶች ጦርና ጋሻ ይዘው የለቅሶው ሜዳ ላይ ይሮጣሉ፤ ሞትን ሊወጉት እንደሆነ ሁሉ ይንደረደራሉ፣ ጦሩን ሰብቀው ይመለሳሉ። አሁን ቤተ ክርስቲያኑም ብዙ ስለማይወደው፣ ወጣቱም ስለማይችለው ቀርቷል ማለት ይቻላል። የአባቴ ጉልበት ከታመመ ወዲህ ደግሞ እሱም ጦርና ጋሻውን ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ ተቀምጧል።

የመጥረጊያ እንጨት አቀበልኩትና «አባዬ፣ እባክህ አንዴ አሳየኝ» አልኩት። ተቆጣ። «ማን ሞተና ነው የምሰብቀው? እቤቴ ቁጭ ብዬ ሞት ልጥራ?» አለኝ በወላይትኛ፤ እንጨቱንም ከእጄ ነጥቆ በሩ ጀርባ አቆመው። ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ እራት ሳላቀርብ ተኛሁ። ንቅንቅ አላለም።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ከገሱባ ተደወለ፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ሞተ። አፍሬ እናገራለሁ፤ ቀድሞ የመጣልኝ ሥዕሉ ነበር። ወረቀትና እርሳስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከአባቴ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። በዚያ ኮረኮንች ላይ ጉልበቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ደረስን።

ሜዳው ላይ የወንድሙ ልጅ ጦሩንና ጋሻውን አምጥቶ ሰጠው። እያነከሰ ወደ መሐል ወጣ። ከዚያ ሮጠ። እግዚኦ! ያ ከወንበር ለመነሳት ክንዴን የሚፈልግ ሽማግሌ እንደ ጎረምሳ ተስፈነጠረ። መሬቱን ሲረግጠው ድምፁ እግሬ ድረስ መጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባቴ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የኖርኩት አልኩ። እርሳሴን ማውጣት ግን አልቻልኩም፤ በሰው ለቅሶ ላይ እንዴት ተብሎ!

ጨርሶ ሲመለስ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። እሱ ግን ቆሞ ዓይኔን አየ፤ ቦርሳዬን አየ። ዞረና እንደገና ሮጠ። «ኧረ ይበቃል ጋሼ!» አለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። አልሰማውም። እየከበደው፣ እያለከለከ መጥቶ ልክ እኔ ፊት ጦሩን እንደሰበቀ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። ያኔ ገባኝ። ኃይሉ ከክንድ አልነበረም፤ ከኋላኛው ተረከዝ ተነስቶ በወገብ ዞሮ ነው የሚወጣው። ዓይኑ ደግሞ ጦሩ ላይ ሳይሆን ጦሩ የሚያርፍበት ላይ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ቁጭ ብዬ ሳልኩት። ለተዋናዩ ላክሁለት። በማግስቱ ደወለ። «ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣሽው?» አለኝ፤ የሴት ፊት ስዬለት እንኳ «ሰውዬ» ነው የታየው።

«አባቴ ነው።»

«እንግዲህ ሌላ ሰዓሊ አልፈልግም» አለ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ለአባቴ ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አየና «ሴት አደረግሽኝ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። «አባዬ፣ ሁለተኛውን ለእኔ ብለህ እንደሮጥክ ገብቶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ለራሴ ነው የሮጥኩት» አለ። «እኔ ስሞት የሚሮጥልኝ የቀረው ያ ጓደኛዬ ብቻ ነበር፤ ቀደመኝ። ስለዚህ የራሴን እዚያው፣ አንቺ እያየሽልኝ ሮጥኩ።» መጽሐፉንም መለሰልኝ። «ፊደሉ አነሰብኝ፤ እዚህ ላይ ምን እንደምል አንብቢልኝ።»

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠግቼ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።