የየብቻ ሳህን

አዛለች ሥጋ ቤትን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው የለም። ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ወንበሩ የሚያነክስ፣ ጥብሱ ግን ሰውን ከጋይንት ድረስ የሚያስመጣ ቤት ነበር። አዛለች ስታርፍ ልጇ ሕይወት ቤቱን ስምንት ወር ዘግታ አሳደሰችው። አሁን ጣሪያው ጂብሰም ነው፤ የተደፋ ቅል የሚመስሉ መብራቶች ተንጠልጥለውበታል። ከባንኮኒው ጀርባ ማንም አዟቸው የማያውቅ ጠርሙሶች ተደርድረው ሰማያዊ መብራት ይበራላቸዋል። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ አዲስ ስም ተጽፏል፤ ከተማው ግን ዛሬም «አዛለች ቤት» ነው የሚለው።

የዚህ ቤት አስተናጋጆች አለቃ ጥሩወርቅ ናት። ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ ሙያ ነበር፤ ገበታ መዘርጋት። ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ፣ የጨርቁ እጥፋት ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ትክክል። ሕይወት የቀጠረቻት ለዚሁ ነው። ጥሩወርቅ በሥራዋ ትኮራለች፤ ጉድ የሠራትም ይኸው ኩራቷ ነው።

የተወለደችው ከጋፋት ወዲያ ማዶ ካለች ትንሽ ቀበሌ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ሲሳይ በእርሻ ድንበር ጠብ ጎረቤታቸውን ምትኩን በዱላ መታው። አንዴ ብቻ ነው የመታው፤ ምትኩ ግን ከወደቀበት አልተነሳም። ሲሳይ በዚያው ቀን ሮጦ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። የምትኩ ሚስት ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድ ልጅ ወለደችና ስሙን ደምመላሽ አለችው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ስም ሲወጣ ሰው ሰምቶ ዝም ይላል፤ ልጁ እስኪያድግ ግን ዓመቱን ይቆጥራል።

ሲሳይ እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ወደ ቀዬው ድርሽ አላለም። መተማ ወርዶ በቀን ሥራ ኖረ። እናታቸው እማማ ፈንታነሽ አርጅተው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ልጄን ሳላይ አልሞትም ማለትም አበዙ። ይኼኔ አቶ ባዩ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ክረምቱን ሙሉ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ተመላለሱ። ደምመላሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ከተማ ውስጥ አይሱዙ የሚያሽከረክር፣ ፊቱ የማይነበብ ልጅ ነው። ብዙ አስለመናቸውና ባለፈው ጥቅምት «እሺ፣ ማዕዱን ግን እኔ ነኝ የምደግሰው» አላቸው።

በዚያ አገር እርቅ በአፍ ብቻ አያልቅም። ገዳይና ባለደም ከአንድ ገበታ ቆርሰው ሲጎራረሱ ነው ደሙ ደረቀ የሚባለው። አብሮት የበላውን ሰው የሚገድል የለም፤ ካልበላ ግን ሽማግሌ የተናገረው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ጥሩወርቅ ይህን በልጅነቷ ሰምታዋለች። ሰምታ ግን ረስታው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደምመላሽ ስልክ ደወለላት። ድምፁ ለስላሳ ነው። «እታለም፣ እሑድ ለምሳ ስምንት ሰው ነን። እንደ ዘመኑ ይሁንልን፤ ለየሰው የየብቻው ሳህን፣ ሹካና ቢላውም እንዳይጎድል። አባቶቻችን አንድ ቀን እንኳ ክብር ይዩ እንጂ።»

እንባዋ መጣ። ይህን የመሰለ ጨዋ ልጅ! ቅዳሜን ሙሉ ሳህን ስትወለውል ዋለች። ለወንድሟ የመስኮቱን ወንበር መረጠችለት፤ ጉና ተራራን እያየ እንዲበላ ብላ።

እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። ሲሳይ ከስቷል፤ የለበሰው ኮት የእሱ እንዳልሆነ ከትከሻው ያስታውቃል። ደምመላሽ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ሲሰምጥባቸው እየደነገጡ ዳርና ዳር ያዙ። ጥብሱና ተቆራርጦ የተጠቀለለው እንጀራ በየሳህኑ ቀረበ። አቶ ባዩ ሹካውን መንገድ ላይ እንደተገኘ ዕቃ አገላበጡት። ከዚያም ዓይናቸው ዞረ፤ ባንኮኒውን አየ፣ ጥጉን አየ፣ ወደ ጓዳው በር ተመለከተ። መሶብ ፍለጋ ነበር። መሶብ የለም። እርሳቸውም አልጠየቁም። በሰው ድግስ ይህ ቀረ ማለት ነውር ነው፤ በዚያ ላይ እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ ባላገር መባልን ማን ይወዳል? ይሉኝታ አፋቸውን ያዘውና ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። ሌሎቹም አቀረቀሩ። ሥጋው ከሹካቸው እያመለጠ ስላስቸገራቸው ቀና የሚል ጠፋ።

ጥሩወርቅ ብቻ ቆማ ታይ ነበር። ሲሳይ ሹካውን ትቶ በእጁ ጉርሻ ጠቀለለ። በጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። «እንካ፣ ልጄ። ስለ እግዚአብሔር።»

ደምመላሽ አፉን አልከፈተም። ሳህኑን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገለትና ፈገግ አለ። «እዚህ ላይ አስቀምጥልኝ።»

ሲሳይ ጉርሻውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ደምመላሽ ቢላውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ። ጥሩወርቅን የሐሙሱ ስልክ ትዝ አላት። የየብቻ ሳህን ያለው ለምን እንደሆነ፣ ማን እንደዘረጋለትም ያን ጊዜ ገባት። አሁን ጠረጴዛው ላይ ከወንድሟ ነፍስ በቀር ሌላ ነገር አልታይ አላት።

ወደ ጓዳ ሮጠች። «ትሪ ስጡኝ! ትልቁን! ሙሉ እንጀራ አንጥፉበት!» ወጥ ቤቷ ምን ነካሽ ብትላት አልሰማችም። የቀረውን ጥብስ ሁሉ ገልብጣ፣ ትሪውን ተሸክማ መጣችና ከሳህኖቹ መሀል አሳረፈችው። «አባቶቼ፣ ይቺን ደግሞ አብራችሁ ቅመሱልኝ። በእኔ ሞት!»

አቶ ባዩ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውም ተዘረጋ። ደምመላሽ ግን አፉን በጨርቁ ጠርጎ ተነሳ። «ጠገብን እኮ፣ እታለም። ምነው ማስቸገርሽ?» ዞሮ የሽማግሌዎቹን ጉልበት በተራ ሳመ። «አባቶቼ፣ መርቁኝ። እቸኩላለሁ።» ባለድግሱ ከተነሳ ማን ተቀምጦ ይበላል? ሁሉም ተነሱ፤ ተመረቀ፤ አሜን ተባለ። አቶ ባዩ የተዘረጋ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱት።

በሩ ጋ ሲደርስ ደምመላሽ ወደ ሲሳይ ዞረ። ታላላቆቹን አንቱ ማለት የለመደ አፉ ለሲሳይ ሌላ ሆነ። «ዛሬውኑ ነው ወደ እናትህ የምትሄደው?»

«ዛሬውኑ ነው።»

«መልካም። መቼም መንገዱን አትረሳውም።» መኪናውን አስነስቶ ወደ ጋፋት አቅጣጫ ሄደ።

ጥሩወርቅ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። የደምመላሽ ሳህን የታጠበ ይመስላል፤ አጥንቱ ሳይቀር ተግጧል። ያች ጉርሻ ብቻ ጠርዙ ላይ እንዳለች አለች።

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ውጭ ሮጠች። ጉና ጭጋግ ለብሷል። ሲሳይ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ወንድምዓለም፣ አትሂድ! ልጁ ጉርሻህን አልበላትም!»

«አይቻለሁ» አላት።

«አይተህ ነው የምትሄደው?»

«እናትህ ሞተች የሚል መርዶ ስፈራ ነው መተማ የኖርኩት። አሁን በሕይወት እያሉ፣ ከደጃቸው ልመለስ?» ከባጃጁ እጁን አውጥቶ ጉንጯን ነካት። ፊቱ ላይ ንዴት የለም፤ ይኸም ነው አንጀቷን የቆረጠው። «ገበታውን የዘረጋሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ገበታ ቀርቦልኝ አያውቅም። እጅሽ ይባረክ።»

ባጃጁ ተነሳ። ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ አሜን ማለት አቃታት።