ያልተላክሁበት መርዶ

ወሬ ከጀመርኩ ማቆም አላውቅበትም። እናቴ «ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ያዋርድሃል» ትለኝ ነበር። አዋረደኝ።

ደርግ ከወደቀ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። አሰብ ወደብ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ደግሞ ጭነት የሚጠብቁ ሹፌሮችንና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጡ እንግዶችን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የደርግ ጦር ምሽግ አስጎበኛለሁ። ማንም አልሾመኝም። መጀመሪያ ያለውን ብቻ ነበር የማሳየው፤ የተቃጠለውን ታንክ፣ አሸዋ የሞላውን ጉድጓድ። በዚያ ሐሩር ማን ይሰማል! ሰዉ ያዛጋል። ስለዚህ አንድ ወታደር ፈጠርኩ፤ ጓደኞቹ ሲሸሹ ብቻውን የቀረ፣ ግራኝ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ የወሎ ልጅ። እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እገድለው ነበር።

አንድ እሁድ የደሴ ሹፌር እናቱን ይዞ መጣ። ታናሽ ወንድሙ ዘምቶ እንደወጣ መቅረቱን፣ የሚያረዳቸው ስላልመጣ ቤታቸው ለቅሶ አለመቀመጡን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እንደ ልማዴ ወሬዬን ለቀቅሁት። «ግራኝ ነበር» ስል እናትየዋ ነጠላቸውን ጨበጡ። «ፍንጭት» ስል «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወደቁ። ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሹፌሩ ወንድሙን በስሙ እየጠራ ያለቅሳል። ክው አልኩ።

መርዶ እኮ ወግ አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይነገራል። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ጨዋታ ላሳምር ብዬ አረዳኋቸው! እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ሹፌሩን ገለል አድርጌ «ፈጥሬው ነው» አልኩት። ያንቀኛል ብዬ ነበር። «አንተው ንገራት» አለኝ ብቻ።

ተንበረከክሁ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዋሽቼ ነው። ልጅዎን አላየሁትም። በሕይወት ሊኖርም ይችላል።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አራት ዓመት ሙሉ በሬን ሳልቀረቅር ነው የማድረው» አሉ። «ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ እወጣለሁ። ዛሬ ገና ማልቀስ ብጀምር፣ ተመልሰሽ ጠብቂ ልትለኝ ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎ ብዬ ነው፣ እማማ…»

«እውነትህን ምን ላድርገው! ይልቅ ንገረኝ፤ ሲሞት ውሃ ጠምቶት ነበር?»

ሹፌሩ ፊቱን አዞረ።

«አልጠማውም፣ እማማ» አልኩ።