በሩ ላይ የተቀባው አይፒ አድራሻ

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚወጣው አቀበት፣ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። ከተማውን ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የራሳቸውን ቤት ግን ማንም በቀላሉ አያገኘውም። እንግዳ ሲመጣባቸው ወርቅ ቤቶቹ ድረስ ወጥተው ይዘውት ይወርዳሉ።

ሥራዬ ለአንድ የውጭ ድርጅት የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ተናጋሪዎቹ እንዳይታወቁ ሲባል እኛም ከየት እንደምንሠራ መታወቅ የለበትም። ስለዚህ ቪፒኤን እንጠቀማለን። ቪፒኤኑ ኢንተርኔቴን በሌላ አገር አዙሮ ስለሚያወጣው፣ የምከፍተው ገጽ ሁሉ ሆላንድ ያለሁ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አለቃዬ «አይፒ አድራሻሽ እየሾለከ ነው፣ አስተካክዪ» ብላ ጻፈችልኝ። መፈተሻ ገጽ ከፈትኩ። አይፒ አድራሻ የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር ነው፤ ከላይ የሆላንዱ ቁጥር አለ። ከሥሩ ደግሞ የእኛው ግቢ መስመር ቁጥር በቀይ ቁጭ ብሏል። ብራውዘሩ ለቪዲዮ ጥሪ የሚጠቀምበት ዌብ አርቲሲ የሚባል መንገድ አለው፤ እሱ ቪፒኤኑን ትቶ በጓሮ እየወጣ እውነተኛውን ቁጥር ይናገራል።

ዋይፋዩ የጋራችን ስለሆነ ለጋሼ መንገር አለብኝ ብዬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ብራውዘሩ አድራሻችንን እያወጣ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የዚህን ቤት? ለማን?»

«ለጠየቀው ሁሉ።»

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ቀይሼ ለዚህ ቤት የረባ አድራሻ መስጠት አቅቶኛል። እሱ ምን ብሎ ነው የሚሰጠው?»

በነጥብ አራት ቦታ የተከፈለውን ቁጥር ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። የኢንተርኔት መስመሩ ቁጥር እንጂ የቤቱ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው።

«መስመሩ የት ነው የሚገባው?» አሉ።

«እዚህ ቤት።»

«እንግዲያውስ» ብለው ወረቀት ላይ ገለበጡት።

ክፍሌ ተመልሼ መፍትሔውን ፈለግኩ። ቀላል ነበር፤ በብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ አንዲት መስመር አለች፣ «እውነት» የሚለውን «ሐሰት» ማድረግ ብቻ ነው። ልጫነው ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

«ሐሰት ብለሽ ነው የምታስቀምጪው?»

«ሌላ ምርጫ የለውም፣ ጋሼ።»

«በይ ተጫኚው፤ እኔ አላየሁም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተጫንኩት። ያኔ ነው ጣታቸው ላይ ነጭ ቀለም ያየሁት።

ሮጬ ወጣሁ። ከሆላንድ ጀርባ ለመደበቅ ጠዋቱን ሙሉ የደከምኩበት ቁጥር፣ በሚያምር የካርታ ፊደል የግቢያችን በር ላይ ተጽፏል። እንዲያጠፉት ለመንኳቸው። የተለካ ነገር አይጠፋም አሉኝ።

ሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዋይፋዩ እንደ አዲስ ተነሥቶ ቁጥሩ ተቀየረ። ጋሼ የድሮውን በአንድ ሰረዝ ሰርዘው አዲሱን ከሥሩ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በሬን አንኳኩተው «ዛሬም እዚያው ነን?» ይላሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሩ ላይ አምስት ቁጥር ተደረደረ፣ አራቱ የተሰረዙ።

በእኛ ሰፈር በር ላይ በቀለም ቁጥር ሲጻፍ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ቤቱ ሊፈርስ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው እትዬ፣ መደርደሪያቸውን ነቅለው ዕቃቸውን በካርቶን አስረው ጨርሰዋል።

«የእናንተ ተለክቶ የእኛ ለምን ቀረ?» አሉ ጋሼን።

«ማንም አልለካንም። ኢንተርኔት ላይ ያለን አድራሻ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተሰረዘ?»

«ስለተዛወረ።»

«ወዴት?»

«የትም። እዚሁ ነው።»

እትዬ እኔን አዩኝ። ላብራራ ሞከርኩ። ሆላንድ ላይ ስደርስ አንዱ ሽማግሌ «በቃ፣ ምትክ ቦታው እዚያ ነው ማለት ነው» ብለው ከጎናቸው ላለው ሰው ነገሩት፤ ከዚያ በኋላ የሰማኝ የለም።

በማግስቱ እኔና ጋሼ በሩን አረንጓዴ ቀባነው። ሁለቴ ቀብተንም ቁጥሮቹ ከሥሩ ይታዩ ስለነበር ሦስተኛ ደገምን። የእኔው መፈተሻ ገጽ ግን «ሐሰት»ን ከተጫንኩ ጀምሮ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበረው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ግን ድምፄም መልኬም ጠፍቶ አለቃዬ ባዶ ሳጥን ስታናግር ቆየች፤ የዘጋሁት መንገድ ጥሪው የሚያልፍበት ነውና። ስለዚህ ለስብሰባ ብቻ ሌላ ብራውዘር ጫንኩ።

እትዬ ዕቃቸውን ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እኛም ረዳናቸው። ጋሼ መደርደሪያው በውሃ ልክ ካልተስተካከለ ብለው ሦስተኛ ቀን አስጨመሯቸው።