የአፍ ልኬት

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሜትር» ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ ካንገቷ አይወርድም። ከጎኗ ባለው ማሽን አሥራ ስድስት ዓመት ስሰፋ፣ አንድም ቀን በአፍ የመጣ ልኬት ስትቀበል አላየኋትም። እናት መጥታ «የልጄ ወገብ ስድሳ ነው» ካለቻት፣ «ማን ለካው? ልጅቷን ይዘሻት ነይ» ትላለች።

«እናቷ እኮ ነኝ!»

«እናትነትሽን መቼ ካድኩ? የጠየቅኩሽ ስለ ወገቧ ነው።»

አቤት ስታናድድ! ደንበኛ ታባርሪብኛለሽ እያልኩ ስንቴ ጨቅጭቄያታለሁ።

የእህቷን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አስም ስላለባት ጠዋትና ማታ በአፏ የምትስበው መድኃኒት አላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኛ ጋ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትተክላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ «አክስቴ፣ መድኃኒቴ ሊያልቅ ነው» አለች።

«ተይው፣ ከእንግዲህ አይገዛም። ሱስ ያስይዛል አሉ።»

ልጅቷ መርፌዋን አስቀመጠች። ዓምና ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል የተኛችው ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ፊቷ ልውጥ አለ።

«ማን ለካው፣ አክስቴ?»

«ምኑን?»

«ማን ነገረሽ? ሐኪም ነው?»

እትዬ ሜትር ወደ እኔ ዞረች። በዚያች ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ጠዋት እየማልኩ እየተገዘትኩ የነገርኳት እኔው ነኝ።

«የባሌ እህት ናት ያለችኝ» አልኩ።

«እሷስ አይታለች?» አለች ልጅቷ።

«እሷማ... ከጎረቤቷ ሰምታ መሰለኝ። እኔ እኮ ስለምወድሽ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እንደምትወጂኝማ አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «የጠየቅኩሽ ስለ መድኃኒቱ ነው።»

ሱቁን ዘግተን ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ ሁሉንም ሰምታ፣ «ሱስ አያስይዝም። እኔን የሚያስፈራኝ ብታቋርጠው ነው» አለችን። መድኃኒቱን እዚያው አጠገብ ካለው ፋርማሲ ገዛን።

ስንመለስ እትዬ ሜትር ማሽኗ ላይ ተቀመጠች እንጂ አልሰፋችም።

«ተቀየምሽኝ?» አልኳት።

ሜትሯን ካንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺን ምን አደረግሽኝ ብዬ?» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «የማላውቃትን ሴት ወገብ በአፍ አልቀበልም ስል ኖሬ፣ የልጄን ትንፋሽ በአፍ ተቀበልኩ።»