ቅቤ የተቀባ ትል

የትል ሥራ የጀመርሁት በመጠገን ነበር። ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር የተቀደደ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ በጋለ ብረት እየበየድሁ ስኖር፣ ሙጬ የሚባል የዓባይ ዓሣ አጥማጅ ጅራቱ የተበጠሰ የላስቲክ ትል መዳፌ ላይ ጣለልኝ። መንጠቆ ላይ ተሰክቶ ዓሣ የሚያታልል የውጭ ዕቃ ነው።

«ጋሼ ፈንቴ፣ ይቺን ይበይዱልኝ።»

በየድሁት፤ ደርቆ እንጨት ሆነ። ያኔ ማፈር ሲገባኝ ኮራሁ። «ከመጠገን መውለድ ይቀላል» ብዬ በትሉ ልክ የጄሶ ፎርማ ሠራሁ። ለስላሳ አሮጌ ኮንጎ ከትፌ፣ ጭሱ እንዳያፍነኝ ደጅ ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሳ አቅልጬ አፈሰስሁበት።

የመጀመሪያው ትል ጅራት አልነበረውም። ፎርማው ቀዝቃዛ ስለሆነ ፕላስቲኩ ጫፍ ሳይደርስ ረግቷል። ፎርማውን አሞቅሁ። ሁለተኛው ጠቆረና ሸተተ፤ እሳት አብዝቼ ነው። ከሰሉን ቀነስሁ። ሦስተኛው ትል ሆነ። ለባለቤቴ ስለ ጥበቤ ሳወራላት ገላመጠችኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከምትለው ትልህ ይሻላል» አለችኝ።

ሥራው ቀጠለ። አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም እንደገባ ሙጬ እየሮጠ መጣ። አንድ ሆቴል ለጾሙ ዓሣ ሊወስድለት ተስማምቷል፤ ነገ ካላደረሰ ግን ሆቴሉ ሥራውን ለሌላ አጥማጅ ይሰጣል። ትሎቹን ይዞ በዕለቱ መኪና ወደ ዓባይ መውረድ አለበት።

ያን ቀን ደግሞ ትሉ ሁሉ ጄሶው ላይ እየተጣበቀ ጅራቱ ይቀራል። ከባለቤቴ የራስ ቅቤ ቆንጥሬ ፎርማውን ቀባሁት። ጄሶ ምን ጾም አለው! ትሎቹ ሾልከው ወጡ። እኔም መሐንዲስ ነኝ አልሁ።

ሙጬ አንዱን ውሃ ባለበት ሳፋ ጣለው። መስጠም ሲገባው ተንሳፈፈ።

«ጋሼ፣ ይኼ ትል ነው ኩበት?»

ሌላውን መንጠቆ ላይ ሊሰካ በጥርሱ ነክሶ ያዘና ወዲያው ተፋው።

«ቅቤ! ጋሼ ፈንቴ፣ ሊያስገድፉኝ ነው?»

«አልዋጥኸውም እኮ።»

«ዓሣው ቢውጠው እንኳ ጥሩ ነበር! መኪናው ሊነሣ ነው።»

አንዱን ትል በምላጭ ሰነጠቅሁት። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ብቻ ነው። ያልተነጠረ ቅቤ ውሃ አለው፤ ውሃው የፈላ ፕላስቲክ ሲነካው ይተናል፣ አረፋ ይሆናል፣ ትሉን ያንሳፍፋል። ባለቤቴ አናት ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ቅቤ የጠጣውን ፎርማ ጣልሁ። በትርፍነት ሠርቼ ያስቀመጥሁትን ሌላ ፎርማ ላቡ እስኪጠፋ እሳት ዳር አደረቅሁና የኑግ ዘይት በጥጥ ለኮፍ ለኮፍ አደረግሁት። ፕላስቲኩን ሳልንጥ በቀስታ አማስዬ፣ ጥቂት አሳርፌ፣ ቀጭን አድርጌ አፈሰስሁ።

ሙጬ አንዱን ሳፋው ውስጥ ጣለው። ሰጠመ፤ ጅራቱም ተወዛወዘ። የቀሩትን ገና ሳይበርዱ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። በማግስቱ ሆቴሉ ዓሣውን ተቀበለው።

አረፋ ስታዩ ፕላስቲኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ፎርማውን እዩ። ይድረቅ፣ ይሙቅ፣ ዘይቱም ይቅጠን። ሰውየው ዕቃውን በምኑ እንደሚይዘውም አስቀድማችሁ ጠይቁ።