አባቴ የቀበራት መኪና

አባቴ በሕይወቱ ክፉኛ የመታኝ ከግቢያችን ጓሮ ካለው የድንጋይ መጋዘን አጠገብ ባገኘኝ ቀን ነው። መጋዘኑ በር አልነበረውም። በሩ የነበረበት ቦታ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኖ፣ ከላይ እጅ የምታስገባ ክፍተት ብቻ ቀርታ ነበር። ባዶ ጀሪካን ላይ ቆሜ በዚያች ክፍተት ስመለከት አንድ ቀይ ነገር በጨለማው ውስጥ አየሁ። ምን እንደሆነ ሳልለይ ቀበቶው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ያስጣሉኝ አጥር ዘለው የገቡ ጎረቤቶች ናቸው። እናቴ ቁስሌን ለብ ባለ ውኃ እያጠበች፣ «መኪና ናት። ተበላሽታ ነው የተቀመጠች። ሁለተኛ እዚያ እንዳትደርሺ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። እኛ ቤት ጥያቄ የሚመለሰው በዱላ ነበር።

እናቴ ቀድማ ሞተች። አባቴ አርጅቶ፣ ቀበቶውን ለመፍታት እንኳ የኔን እጅ የሚፈልግ ሆኖ ብዙ ቆየና እሱም አረፈ። ስለ መኪናዋ አንድም ቃል ሳይተነፍስ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ባለቤቴ መሮና ትልቁን መዶሻ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። እሱ የወሎ ሰው ነው፤ ደብረ ማርቆስ የመጣው በሥራ ሲሆን የራሱ ጋራዥ አለው። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ያን ሰሞን ግን ትምህርት ቤቱም ጋራዡም ተዘግተው ነበር። በከተማው ዙሪያ ተኩስ አለ፤ መንገዱ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፤ ባጃጆች አንድ ቀን ወጥተው ሳምንት ይጠፋሉ።

«ቤት ተኮራምተን ጥይት ከምናዳምጥ ድንጋይ ብንፈነቅል አይሻልም?» አለኝ።

መዶሻውን ከእጁ ተቀበልኩት። ግድግዳውን ስደበድብ «ኧረ ቀስ በይ፣ ይናድብሻል!» እያለ ይጮኻል፤ እኔ አልሰማውም። ድንጋይ በወደቀ ቁጥር ያን የቀበቶ ግርፊያ ለአባቴ የምመልስለት ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ መዳፌ ተልጦ ደም አዝሏል።

መኪናዋ ሁለት በር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ነበረች። አባቴ በወጣትነቱ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ከአስመራ ነድቷት እንደመጣ አንድ ዘመዳችን ሲያወራ ሰምቼ አውቃለሁ። ጎማዎቹ ከወለሉ ጋር ተጣብቀዋል። ወንበሮቹን አይጥ ወልዶባቸዋል። የግራ የፊት መብራቷ ተሰብሯል፤ ኮፈኑም በዚያው በኩል ወደ ውስጥ ጎድጉዷል።

ባለቤቴ ጉድጓዱን በጣቱ ዳሰሰው። «የሆነ ነገር ገጭታለች።»

«በሬ ይሆናላ» አልኩት። ጉድጓዱ ግን የበሬ ስፋት አልነበረውም።

ሥራው ከድብድብ አይለይም። ጎማና ባትሪ ከጋራዡ አመጣን። ሞተሩ ነክሶ አልዞር አለ። እሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች አውጥተን በቀዳዳቸው ዘይት አጠጣነው፤ አሳደርነው፤ ደግመን አጠጣነው። ከዚያ ባለቤቴ ረጅም ቧንቧ መፍቻው ላይ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ቡሎን ሲበጠስ ክንዱ ከሻሲው ጋር ይላተማል፤ እሱ መኪናዋን ይሰድባል፤ እኔ አባቴን። ከአዲስ አበባ ያዘዝነውን የፍሬን ዕቃ የጫነው አውቶቡስ ሉማሜ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ስለቀረ፣ ባለቤቴ ከወዳደቁ መኪኖች ያገኘውን ቀጣጥሎ ሠራው። «ትቆማለች፤ ግን አትመኛት» አለኝ።

የተነሳች ዕለት ሰማይ የተደፋ መሰለን። በጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ ጧ! ጧ! ብሎ ሲፈነዳ ሰፈሩ መሬት ላይ ተኛ። አንዲት ጎረቤታችን ልጆቿን አልጋ ሥር ከትታ ስታበቃ፣ ድምፁ ከኛ ግቢ መሆኑን ስታውቅ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «በዚህ ዘመን እንዲህ ይቀለዳል? እግዜር ይይላችሁ!» ብላ ረገመችን። ሞተሩ እየተንተፋተፈ ቆየና ተረጋጋ። ባለቤቴ ፊቱ ጥቁር በጥቁር ሆኖ እንደ ልጅ ሳቀ። ሳያስበውም መሪው ላይ ያለውን ክላክስ ተጫነው። ድምፁ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ተከታትለው የሚወጡ። እንዲህ ያለ ክላክስ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ደጋግሞ ነፋው።

ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ አናጢ ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖራል። በርና አልጋ ይሠራል፤ የሬሳ ሣጥንም ይሠራል። የአባቴን ግን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ «አልሠራም» ብሎ መልሶናል። እኔን ሳልፍ «እንደምን ዋልሽ» ይለኛል። አባቴ በዚያ ካለፈ ግን ፊቱን ወደ እንጨቱ ያዞር ነበር። የድንበር ጠብ ይሆናል ብዬ ትቼው ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ሳያንኳኳ ገባ። መኪናዋን ወደ ግቢው መሐል አውጥተን ሞተሩን እያሞቅን ነበር። በእጁ መጥረቢያ ይዟል። አናጢ መጥረቢያ ቢይዝ ምን ይገርማል? እንጨት ሊጠይቀን የመጣ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ደኅና አደርክ?» አልኩት።

«ማነው የነፋው?»

«ምኑን?»

«ጡሩምባውን! ማነው ያንን ጡሩምባ የነፋው?»

መልስ አልጠበቀም። የመጀመሪያው ምት ደኅና የነበረውን መብራት አደቀቀው። ሁለተኛው ኮፈኑን ቀደደው። ባለቤቴ ከኋላ ወገቡን አቅፎ ሊጎትተው ሲል፣ አናጢው በመጥረቢያው እጀታ አፉ ላይ መታው። ባለቤቴ በጉልበቱ ወደቀ፤ በጣቶቹ መሐል ደምና የጥርስ ስባሪ ወጣ።

እኔ መሬት ላይ የነበረውን የጎማ መፍቻ ብረት አንስቼ የአናጢውን ትከሻ መታሁት። አጥንቱ ብረቱ ውስጥ ተሰማኝ። ዞረብኝ። ዓይኑ እኔን አያይም፤ በእኔ ውስጥ ሌላ ሰው ያያል። ደግሜ ጎኑን መታሁት። በእጄ ላይ የወጣው ጉልበት የኔ አልነበረም። ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ፤ ጀርባዬ ያውቀዋል። እሱም መጥረቢያውን አንስቶ በሙሉ ክብደቱ ሰነዘረብኝ። ጎንበስ ስል በላዬ አልፎ የፊት መስታወቱን በረቀሰው፤ ክንዱም እስከ ክርኑ ተከትሎ ገባ። የዚያ ዘመን መስታወት እንደ ዛሬው አይደቅም። እንደ ቢላ ነው የሚሰነጠቅ።

ክንዱን ሲያወጣው ደሙ ተፈናጠረ። በቀዩ ቀለም ላይ ሲወርድ አይለይም ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሲደርስ ግን ለየሁት። አናጢው እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየት አደረገውና ጎማው ሥር ተንሸራቶ ተቀመጠ። ሞተሩ አሁንም እየሠራ ነው።

«በዚች ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አባትሽ እህቴን የገደላት በዚች ነው። አጠገቧ ነበርኩ።»

ብረቱ ከእጄ ወደቀ።

ነጠላዬን ቀድጄ ክንዱን ከላይ አሰርኩት፤ መፍቻ አስገብቼም ጠመዘዝኩት። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ባለቤቴ ወደ በሩ ሮጦ መንገዱን አየና ተመለሰ። ከጠዋት ጀምሮ ከደምበጫ በኩል ተኩስ ይሰማ ስለነበር ባጃጅ የለም፤ ሰውም የለም። አፉን በእጁ ይዞ ወደ መኪናዋ ጠቆመኝ።

«አልገባም!» አለ አናጢው። «እዚችው ልሙት! በዚች አልሄድም!»

«ትሄዳለህ» አልኩት።

በጥፊ መታኝ፤ በደኅነኛው እጁ። እኔም መታሁት። ባለቤቴ ከብብቱ ሥር፣ እኔ ከእግሩ ይዘን፣ እየተራገጠና እየረገመን፣ መስታወት የተነሰነሰበት ወንበር ላይ ጣልነው። ባለቤቴ ከኋላችን የታጠፈው ሸራ ላይ ተቀምጦ የታሰረውን ክንድ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘው። እኔ መሪውን ጨበጥኩ።

መኪናዋ የወጣችው እንደ ተለቀቀ ኮርማ ነው። የፊት መስታወት ስለሌላት ነፋሱና አቧራው ዓይኔን ይገርፈኛል። ማርሽ ስቀንስ ማርሚታው ይተኩሳል፤ የሰፈሩ ውሾች ይበተናሉ። አናጢው ሁለት ጊዜ ከመኪናዋ ሊዘል ሞከረ፤ ባለቤቴ ፀጉሩን ይዞ መለሰው። በኋላ ጮኸ። ቁስሉ አሞት አልነበረም። ወደ ከተማ መግቢያው መታጠፊያ ስንደርስ ነው የጮኸው፤ እንደ ሕፃን።

ከመታጠፊያው እልፍ ብሎ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ታጣቂዎች ቆመዋል። አንዱ መሣሪያውን ደገነ።

«ቁሚ! ቁሚ እተኩሳለሁ!»

ፍሬኑን ረገጥኩት፤ እግሬ እስከ ወለሉ ገባ። ማርሽ ቀንሼ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ስስበው መኪናዋ ተጠማዝዛ ድንጋዮቹን ለመንካት ጥቂት ሲቀራት ቆመች። ታጣቂው መጥቶ ተራ በተራ አየን። ሦስታችንም ደም በደም ነን።

«ማነው ይህን ሰውዬ የመታው?»

ባለቤቴ አፉ አብጦ መናገር አይችልም። እኔ እጄን ከመሪው ሳላነሳ አናጢውን አየሁት። አናጢው አንድ ቃል ቢናገር እዚያው ያስወርዱን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እግዜር ይወቀው። አንገቱን ቀና አድርጎ ታጣቂውን አየው።

«መስታወት» አለ።

ድንጋዩን በእግራቸው ገፍተው አሳለፉን።

ሆስፒታል ሲደርስ ራሱን ስቶ ነበር። ሰፉት፤ ደም ሰጡት፤ ተረፈ። ሁለት ጣቶቹ ግን ዳግም አልታጠፉም። ባለቤቴ የፊት ጥርሶቹን አጣ።

የአናጢው እናት ዘንድ የሄድነው እሱ ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክመን ደጃቸው ላይ ተንበረከክን። እማማ በጣም አርጅተዋል፤ ወገባቸው ጎብጧል፤ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው።

«አውርዱት እሱን፤ አንገታችሁን ትሰብራላችሁ» አሉን። ተቀመጥን። እኔን አተኩረው አዩኝ። «አባትሽ ነግሮሽ አያውቅም?»

«አያውቅም፣ እማማ።»

«እናትሽስ?»

«እሷም።»

ነገሩኝ። ልጃቸው ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ነበረች። ጥርሱን ያልቀየረውን ታናሽ ወንድሟን አስከትላ ከገበያ ስትመለስ፣ አባቴ ክላክሱን እየነፋ በዚያው አናጢው በጮኸበት መታጠፊያ ላይ እየበረረ መጣ። ገጫት። አቆመ፤ ወርዶም አያት፤ ከዚያ ተመልሶ ገብቶ ሄደ። ሕፃኑ እህቱን አቅፎ፣ ደሟ ልብሱ ላይ እስኪደርቅ፣ ሰው እስኪመጣ መንገድ ላይ ተቀመጠ። የእማማ ወንድሞች ጠመንጃ አንስተው ነበር። ሽማግሌ ገባ፤ ቄስ መስቀል ይዞ መጣ። እማማ ካሳ አልቀበልም አሉ። «ልጄን እንደቀበርኩ እሱም መኪናውን ይቅበር፤ ያንን ጡሩምባም ዳግመኛ አልስማ» አሉ። አባቴ ማለና በሩን በድንጋይ ደፈነ።

«እኛ አናውቅም ነበር፤ ብናውቅ ኖሮ…» አልኳቸው። 

«አላወቃችሁም። እሱ ግን ያንን ድምፅ ሲሰማ እንደ ልጅነቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ። አልጋ ሥር ነው ያደረ፣ ሽበቱን ይዞ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «አባትሽን ይቅር አላልኩትም። አሁንም አልለውም። ጥሏት ነው የሄደ። መግደሉስ ይሁን፤ እጁ ነው፤ ጥሏት መሄዱ ግን ልቡ ነው። አንቺ ልጄን ብትደበድቢውም አልጣልሽውም። እየተማታሽም ቢሆን አንስተሽዋል።»

መኪናዋን ድጋሚ እንድንቀብራት ጠየቅኋቸው። የምሬን ነበር። ባለቤቴም በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ።

«ብረት ብትቀብሪ ምን ይበቅላል?» አሉኝ። «ንጂያት። ጡሩምባውን ንቀይው፤ በደጄ ስታልፊም ድምፅ አታሰሚኝ። በቃ።»

ክላክሱን ባለቤቴ ነቅሎ ለእማማ ወሰደላቸው፤ እሳቸውም ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨመሩት። የኮፈኑን ቀዳዳ በቆርቆሮ ለጠፍነው። አዲስ የፊት መስታወት ለማግኘት መንገዱ እስኪከፈት ጠብቀናል።

አሁን እሑድ እሑድ፣ ሰላም ሲሆን፣ እነዳታለሁ። ከቤታችን እንደወጣሁ ሞተሩን አጠፋና ቁልቁለቱን በራሷ ክብደት ትወርዳለች፤ የሚሰማው የጎማዎቹ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ስመለስ ዳገት ስለሆነ በሌላ መንገድ ዞሬ እመጣለሁ። አናጢው እንደ ድሮው «እንደምን ዋልሽ» አይለኝም። ባለፈው ሳልፍ ደጁ ላይ ሳንቃ እየላገ ነበር፤ መላጊያውን በማይታጠፉት ጣቶቹና በመዳፉ ጠርቅሞ ይዞታል። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱን ወደ እንጨቱ አላዞረም። መኪናዋ አጠገቡ ደርሳ እስክታልፍ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ቆመ፤ ከዚያ መላጉን ቀጠለ።